ጥፋቱ የማን ነው? የሥራ ላይ ጉዳት ካሳና ሽምግልና በዋጃ

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዋጃና በአካባቢዋ ማሽላ የሚወቃው፣ የመስኖ ሽንኩርት የሚያርመው፣ ግንባታ ላይ ድንጋይ የሚያቀብለው ብዙው ሰው ያለ ጽሑፍ ውል የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ነው። መውቂያ ማሽን እጁን ቢይዘው ወይም ከርብራብ ላይ ቢወድቅ ከጠበቃ በፊት የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ወሎ እንደ አበጋር ያሉ ደም የሚያደርቁ የእርቅ ሥርዓቶች ያሉበት አገር ስለሆነ ይህ አያስገርምም።

ችግሩ ያለው ሽማግሌዎች በሚያነሱት የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ ነው፤ “ጥፋቱ የማን ነው?” ይላሉ። ሠራተኛውም ትንሽ ተዘናግቷል፣ ባለማሽኑም ትንሽ ቸኩሏል ተብሎ ካሳው ለሁለት ይከፈላል። በደም ጉዳይ ይህ አስተዋይነት ሊሆን ይችላል። በሥራ ጉዳት ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ይህን ጥያቄ ከሞላ ጎደል አያነሳም፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት ትእዛዝ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ሥራ ከገባ ብቻ ነው ነገሩ የሚለወጠው። መዘናጋት ከእነዚህ ውስጥ የለም። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም መብቱን አያሳጣውም።

ስሌቱን እንየው። በወር 3,000 ብር የሚያገኝ ሰው ሕክምናው በአሠሪው ወጪ ሆኖ፣ ከሥራ ለራቀባቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ደግሞ ቢያንስ ግማሹን ያገኛል። ዓመቱን ሙሉ ካልዳነ 24,750 ብር ይሆናል። የሐኪሞች ቦርድ 20 በመቶ ዘላቂ ጉዳት ደርሶበታል ካለ፣ የጡረታና የመድን ሽፋን በሌለበት የ5 ዓመት ደመወዙ 20 በመቶ፣ ማለትም 36,000 ብር ይጨመርለታል። “ለማሳከሚያ 10,000 ብር ስጠውና ተሳሳሙ” የሚለው እርቅ ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይፍረድ።

መንግሥት የሚመድበው አስማሚ በዋናነት ለወል የሥራ ክርክር ነው። የአንድ ሰው የጉዳት ካሳ የግል ክርክር ስለሆነ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል፤ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል። ክስ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን ከፍርድ በፊት መታረቅ ይቻላል፤ ስምምነቱ በመዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለተጎጂው ከሁሉ የሚሻለው ይኸኛው መንገድ ይመስለኛል፤ ዳኛ ያየው እርቅ ቢያንስ ሕጉን አልፎ ለመሄድ ያፍራል።

ሽምግልና ቦታ የለውም ማለት ግን አይደለም። ገንዘቡ በስንት ጊዜ ይከፈል፣ እጁ የተጎዳው ልጅ ወደ ውኃ ሞተር ጥበቃ ይዛወር ወይ፣ ቤተሰቡ እስከ መኸር በምን ይቆይ የሚሉት ጥያቄዎች ከዳኛ ይልቅ ለሽማግሌ ይመቻሉ። ሰው ከሰው ጋር ነገም አብሮ ይኖራልና።

የሚጎዳው ቀጠሮ ማብዛት ነው። ከሥራ ውል የሚነሳ ጥያቄ በመደበኛው በ1 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። “ከፋሲካ በኋላ”፣ “እህሉ ሲሸጥ” እየተባለ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ገና በመጀመሪያው ቀን አሠሪው ዕዳውን ማመኑን በጽሑፍ ሊያስፈርሙት ይገባል፤ እንዲህ ያለው እምነት ይርጋውን ያቋርጠዋል።