ኮምፒውተር ፍላሽን “አላውቅም” የሚለው ለምንድን ነው?

ገበሬው የልጁን የሠርግ ቪዲዮ በሚሞሪ ካርድ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጸሐፊ የአባላትን መዝገብ በፍላሽ ይዘው ወደ ኮምፒውተር ይቀርባሉ። ኮምፒውተሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ማከማቻውን አያነብም፤ ወይም የአማርኛውን የፋይል ስም በጥያቄ ምልክት ተክቶ ያሳያል። አንዳንዱ መሣሪያ ደግሞ “ፎርማት ይደረግ?” ብሎ ይጠይቃል። እሺ ያለ ሰው መዝገቡን ሊያጣ ይችላል። ችግሩ ግን የፍላሹ መበላሸት ላይሆን ይችላል።

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ይሠራል። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ጎሮ አካባቢ በሚገኘው አይሲቲ ፓርክ እንዳሉት ባሉ የመረጃ ማዕከላት በሚቀመጡ ሰርቨሮችም በስፋት ያገለግላል።

የፋይል ሥርዓት ደግሞ መረጃ በማከማቻ ላይ የሚደረደርበት ደንብ ነው። ደንቡን የማያውቅ ከርነል ማከማቻውን ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ከርነሉን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ለእያንዳንዱ ደንብ ከሦስት አንዱን ይመርጣል፦ በከርነሉ ውስጥ ማካተት፣ ሲያስፈልግ በሚጫን ሞጁል ማዘጋጀት ወይም መተው። የተተወው የከርነሉን መጠን ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንድ በር ይዘጋል።

ዋናው ጥንቃቄ ኮምፒውተሩ የሚነሣበትን ዲስክ ይመለከታል። የዚህ ዲስክ ደንብ በከርነሉ ውስጥ ወይም አብሮት በሚጫነው የመነሻ ጥቅል ውስጥ መኖር አለበት። ሞጁሉ በዚያው ዲስክ ላይ ብቻ ከተቀመጠ፣ ቁልፉ በተቆለፈው ሣጥን ውስጥ እንደ መቅረት ነው፤ ማሽኑ አይነሣም።

ለውስጥ ዲስክ በብዛት የሚመረጠው ኢኤክስቲ4 ነው። ለውጦችን አስቀድሞ በማስታወሻ ስለሚመዘግብ፣ መብራት በድንገት ሲጠፋ የዲስኩ ሥርዓት እንዳይዛባ ይረዳል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍን ግን አያድንም። ለፍላሽ ፋት32 ያስፈልጋል፤ ይሁንና 4 ጊጋ ባይት የሚደርስ አንድ ፋይል አይይዝም። ከ32 ጊጋ ባይት በላይ የሆኑ ሚሞሪ ካርዶች በኤክስፋት ተዘጋጅተው ይሸጣሉ፤ ሊኑክስም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የተሟላ ድጋፍ አለው። ከዊንዶውስ ለሚመጡ ዲስኮች ኤንቲኤፍኤስ ይመረጣል።

የአማርኛ ተጠቃሚ አንድ ተጨማሪ ምርጫ አለው፤ ዩቲኤፍ-8። ይህ ለፋት ማከማቻ ካልተመረጠ የአማርኛ ስሞች ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ። ስሙ ከፍላሹ አልጠፋም፤ የጠፋው ማንበቢያው ነው። በተጨማሪም በኢኤክስቲ4 የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ስሙ ከ85 ፊደላት ማለፍ አይችልም። ረጅም ስም ያለው ፋይል ከፍላሽ አልገለበጥ ሲል ስሙን ማሳጠር ይበቃል።

በቦሌም ሆነ በሌላ አካባቢ ኮምፒውተር የሚገዛ ወይም የሚያስጠግን ሰው ፍላሹንና ካርዱን ይዞ ሄዶ በቦታው ቢሞክር ይመከራል። ያልተነበበውን ማከማቻም ፎርማት ከማድረግ በፊት በሌላ ኮምፒውተር መሞከር መረጃን ያድናል።