ቤት ስታሠሪ ሽንት ቤቱን አስቀድሚ

ለምክር የሚመጡ እህቶች ስለሚልኩት ገንዘብ ሲያወሩ ቆርቆሮው፣ የብረት በሩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የወንድም ባጃጅ ይነሳል። ሽንት ቤት የምታነሳ እምብዛም አትገኝም። "እናትሽ የት ነው የሚወጡት?" ስላቸው አንዷ ትስቃለች፣ ሌላዋ አንገቷን ትደፋለች። እኔም በሰው ቤት ሠርቻለሁና ይገባኛል። በቀን ሦስት መታጠቢያ ቤት እያጠቡ፣ እናት ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ጫካ ትሄዳለች ብሎ መናገር ይከብዳል።

አገራችን በዚህ ነገር ብዙ ተለውጣለች። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር፤ በ2015 ግን 29 ደርሷል። ለዚህ ትልቁን ሥራ የሠሩት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ "ጉድጓድ ቆፍሩ" ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። አብዛኞቹ እንደ እኛው የገጠር ልጆች ናቸው።

ነገር ግን ሽንት ቤት መኖሩና ደህና ሽንት ቤት መኖሩ ይለያያል። ደህና የሚባለው ወለሉ የሚታጠብ፣ ሰውን ከሰገራ ጋር የማያገናኝ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚጠቀምበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ እንዲህ ያለ ሽንት ቤት ያላቸው በከተማ ከ100 ቤት 16፣ በገጠር 4 ብቻ ነበሩ። ከነጭራሹ የሌላቸው በገጠር 39፣ በከተማ 7። በሌላ በኩል ከከተማ ቤቶች 35ቱ ደህናውን ሽንት ቤት ከጎረቤት ጋር ይጋራሉ። ስለዚህ የገጠሩና የከተማው ችግር አንድ አይደለም።

በገጠር ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ እንጨት ይረበረብበታል፣ ጭቃ ይለሰናል። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፣ ክረምት ሲገባ አፉ ይናዳል። ልጆች መግባት ይፈራሉ፣ ትልልቆቹም ቀስ በቀስ ወደ ሜዳ ይመለሳሉ። ክዳን ስለሌለው ዝንብ ይወርረዋል። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን የምታዞረው ዝንብ ደግሞ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ በገባው አትራባም። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌን ወግቶ የሚያሳውረው ይህ በሽታ ደግሞ ከወንድ ይልቅ ሴትን ይጎዳል፣ ፊቱን ዝንብ የወረረውን ሕፃን የምታቅፈው እሷ ናትና።

ሴትን የሚጎዳው በዚህ ብቻም አይደለም። ሜዳ የምትወጣ ሴት ጨለማ ትጠብቃለች። እስኪመሽ ውሃ አትጠጣም፣ ሽንቷን ትይዛለች፣ ይህም ለሽንት ቧንቧ ሕመም ይዳርጋታል። በጨለማ ደግሞ ጅብም አለ፣ ከጅብ የከፋ ወንድም አለ። ያቺ የምታስተምሪያት ታናሽ እህትሽም የወር አበባ በመጣባት ቀን ትምህርት ቤት የምትቀረው አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የምታሠሪ ከሆነ ይህን ያዢ። ጉድጓዱ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ ሦስት ሜትር ይጥለቅ፤ ስድስት ሰው ላለበት ቤት ስድስት ሰባት ዓመት ያገለግላል። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ውሃው ካለበትም በታች በኩል ይሁን። ቁፋሮው ውሃ ካገኘ ቦታው አይሆንም፣ ሌላ ይፈለግ። አፈሩ የሚናድ ከሆነ ከላይ በኩል በድንጋይ ይገንባ። ወለሉ በብረት የተጠናከረ የሲሚንቶ ስላብ ይሁን። ዋናው ወጪ እዚህ ላይ ነው፣ እዚህ ላይ አትቆጥቢ፤ ግድግዳው የጭቃ ቢሆን ግድ የለም። ቀዳዳው ክዳን ይኑረው። የአየር ማስወጫ ቱቦ ከተደረገለት ጫፉ ላይ ወንፊት ይታሰርበት፤ ክፍሉ ጨለም ካለ ዝንቧ በቱቦው የሚገባውን ብርሃን ተከትላ ትወጣና ወንፊቱ ላይ ትቀራለች። በር ከውስጥ መቀርቀሪያ ያስፈልገዋል፣ ይህን ወንዶች ይረሱታል። ደጁ ላይ ቀዳዳ ያለው ጄሪካንና ሳሙና፣ ውስጥ ደግሞ ሽታውን የሚቀንስ አመድ።

ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አትላኪ። መጀመሪያ የቁፋሮውን ላኪ፣ ሦስት ሜትር እንጨት ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ፎቶ ይላክልሽ፤ ከዚያ የሲሚንቶውንና የብረቱን። ብሩን የሚይዘው ወንድምሽ ከሆነ እናትሽም ስንት እንደተላከ ይወቁ። ቁፋሮው ክረምት ካለፈ በኋላ ይጀመር። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ቦታውን መጥታ እንድታይ ይጥሯት፣ ሥራዋ ነው፣ ክፍያ አይጠየቅበትም።

ከተማ ላይ ለእናትሽ ቤት የምትከራዪ ወይም የምትገዢ ከሆነ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። አዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ አንዱን ሽንት ቤት ብዙ አባወራ ይጠቀምበታል፤ ጠዋት ሰልፍ አለ፣ ሲሞላ ደግሞ መዋጮ ላይ ጭቅጭቅ። የሚመጥጠው መኪና በጠባቡ መንገድ አይገባም፣ ቱቦውም አይደርስም። ስለዚህ ደላላውን ስንት ቤት ይጋራዋል፣ መጨረሻ የተመጠጠው መቼ ነው፣ መኪና ይገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነም ውሃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ይጠየቅ። ውሃ ከሌለ ያ የሚያምረው ነጭ መቀመጫ በሁለት ቀን ከጉድጓዱ ይብሳል፤ ሮቶ የሚቀመጥበት ቦታ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ።