ጥቃቅን የብርሃን አመንጪዎችና በዙሪያቸው የሚገኘው ቁስ

አንድ አቶም ጉልበት ተቀብሎ መልሶ ብርሃን ሲለቅ፣ የሚለቅበት ፍጥነት በአቶሙ ባሕርይ ብቻ የሚወሰን ይመስላል። ይሁን እንጂ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1946 እንዳመለከተው፣ አመንጪውን የከበበው አካባቢም በፍጥነቱ ላይ ድርሻ አለው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ ሐሳብ ለክፍል ትምህርት ያለው ጠቀሜታ ይብራራል።

በቅድሚያ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ አመንጪው በሴኮንድ ምን ያህል ብርሃን ያመነጫል? ሁለተኛው፣ ከመነጨው ብርሃን ምን ያህሉ ወደ ውጭ ይወጣል? የሚሉት ናቸው።

ለሁለተኛው ጥያቄ አልማዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአልማዝ ውስጥ አንድ የናይትሮጂን አቶም ከአንድ ባዶ የካርቦን ሥፍራ ጎን ሲገኝ፣ ቀይ ብርሃን የሚያመነጭ ጥቃቅን ምንጭ ይሆናል። ነገር ግን የአልማዝ የስብረት ኢንዴክስ 2.4 ስለሆነ፣ ከ25 ዲግሪ ገደማ በላይ አዘንብሎ ገጹን የሚመታ ጨረር ሁሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ብርሃኑ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰራጫል ብለን ብናሰላ፣ በአንዱ ጠፍጣፋ ገጽ በኩል የሚወጣው ከመቶ 5 እጅ አይሞላም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች አልማዙን ፍቀው 200 ናኖሜትር ያህል ውፍረትና 2 ማይክሮሜትር ያህል ቁመት ያላቸውን ዓምዶች ሠሩ። ዓምዱ ብርሃኑን እንደ ቦይ ውኃ ወደ ጫፉ ስለመራው፣ የተሰበሰበው ብርሃን ወደ 10 እጥፍ ከፍ አለ። የዚህ ዋና ምክንያት የብርሃኑ መውጫ መስተካከሉ እንጂ የአመንጪው መፍጠን አልነበረም። አመንጪውን ለማፋጠን ብርሃንን በጠባብ ሥፍራ አፍኖ የሚያቆይ ቅርጽ ያስፈልጋል።

ወርቅና ብርም ብርሃንን በጠባብ ሥፍራ ያከማቻሉ። ሆኖም ከፊሉን ወደ ሙቀት ይለውጡታል። እንደ አልማዝ ያሉ ዳይኤሌክትሪክ ቁሶች ተመራጭ የሚሆኑት ይህ ብክነት አነስተኛ ስለሆነ ነው።

መምህሩ ይህንን ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያሻውም። ውኃ የተሞላ ብርጭቆን ከጎን ዝቅ ብሎ ወደ ላይ የሚመለከት ተማሪ፣ የውኃው ገጽ እንደ መስተዋት ሲያብረቀርቅ ያያል። ቀጥሎም የውኃንና የአልማዝን ወሳኝ ማዕዘን አስልቶ ያነጻጽር። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ምሳሌውን ከብርሃን ስብረት ምዕራፍ ጋር ቢያያይዙት፣ ተማሪው የሚያጠናው ሕግ በዛሬው ምርምር ውስጥ በሥራ ላይ እንዳለ ይገነዘባል።