ማስቀረት የማካተት ግልባጭ አይደለም

የምግብ ማዘዣ አፕ የሚሠራ ባለሙያ የማጣሪያውን ገጽ ሲነድፍ «አካትት» እና «አስቀር» የሚሉትን ምርጫዎች የአንድ ነገር ሁለት ፊት አድርጎ ቢያያቸው አይፈረድበትም። አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣል። ልዩነቱ የሚወጣው ምግብ ቤቱ ሳይመዘግብ የተወው ነገር ሲኖር ነው።

ለውዝ የማይስማማው ደንበኛ «ለውዝ ያለበትን አስቀር» ብሎ መረጠ እንበል። የአንዱ ኬክ ግብዓት አልተሞላም። ሲስተሙ «ለውዝ» የሚል ምልክት ስላላገኘበት ኬኩን ያሳየዋል፤ ሰውየው ደግሞ ለውዝ እንደሌለበት እንደተነገረው ይቆጥረዋል። በማካተት በኩል ባዶ መዝገብ የሚያመጣው ጉዳት አንድ ምግብ ሳይታይ መቅረቱ ነው። በማስቀረት በኩል ግን የሰው ሕይወት አለበት። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ፕሮግራመሩ በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው በኤስኪውኤል «ከለውዝ የተለየውን አምጣ» ብሎ ከጻፈ፣ ባዶ የሆኑት መዝገቦች ሁሉ ሳይታወቅ ከውጤቱ ይወድቃሉ። ስለዚህ ያልተሞላው ከሁለቱም ወገን ተለይቶ «ግብዓቱ ያልተገለጸ» በሚል ርዕስ ለብቻው መታየት አለበት ባይ ነኝ።

ሁለቱ ምርጫዎች አብረው ሲሠሩ ለማየት ደግሞ የጾምን ምግብ እንውሰድ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይገባበት ሁሉም ይስማማል። ዓሣ ላይ ግን ጿሚዎች ይለያያሉ፤ የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ። አፕ ሠሪው ይህን ክርክር የመፍታት ሥልጣን የለውም። «የጾም» የሚለውን አካትቶ «ዓሣ»ን ማስቀረት የሚያስችል ማጣሪያ ካለ ግን ውሳኔው ለጿሚው ይተዋል። አንድ ምግብ በሁለቱም በኩል ሲገኝ ማስቀረቱ ማሸነፍ አለበት። በአንድ ወገን ከአንድ በላይ ነገር ሲመረጥም ልዩነት አለ፤ «ሽሮ» እና «ምስር» ያካተተ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ቢገኝለት ይበቃዋል፤ «ሥጋ» እና «እንቁላል» ያስቀረ ሰው ግን አንዳቸውም እንዲመጡበት አይፈልግም።

ስለ ማጣሪያው ቅርጽ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አንዴ ሲነኩት የሚያካትት፣ ሁለተኛ ሲነኩት የሚያስቀር፣ በሦስተኛው የሚጠፋ ሣጥን ቦታ ይቆጥባል። እኔ ግን አልመክረውም፤ ምርጫውን ለመሰረዝ ደግሞ የነካው ሰው ሳያውቀው የሚወደውን ምግብ ያስቀርበታል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያላቸው ሁለት አዝራሮች ይሻላሉ። ጉግል ላይም ከቃል ፊት የሚደረግ የመቀነስ ምልክት ያንን ቃል ያስቀራል። አረንጓዴና ቀይ ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። ከውጤቱ በላይ «የጾም፣ ያለ ዓሣ» ተብሎ በቃል ይጻፍ፤ እያንዳንዱም በአንድ ንክኪ የሚነሳ ይሁን።

ማጣሪያ የምትሠሩ ሁሉ፣ አፑን ለሕዝብ ከመልቀቃችሁ በፊት ግብዓቱ ያልተሞላ አንድ ምግብ መዝግቡና «ለውዝ አስቀር» በሉ። ምግቡ የት እንደገባ ሳታዩ አትልቀቁት።