ካንዴላው ሲሰበር

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። ርዝመቷ ከአንድ ጣት ብዙም አይበልጥም። እሷ ከተበላሸች ግን መኪና ያነክሳል። ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ውኃ መሳቢያ ከሆነ ደግሞ ጭራሹን ይቆማል። ስሟ ካንዴላ ይባላል። ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፤ ሻማ ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከባቱ (ዝዋይ) ወደ ቡታጅራ በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ እሄድ ነበር። መኪናዋ የቤንዚን ናት፤ አራት ሲሊንደር አላት። ከኋላ 30 ሣጥን ቲማቲም ተጭኗል። የቲማቲሙ ባለቤት አንዲት እናት ናቸው፤ ከእኔና ከሾፌሩ መካከል ተቀምጠዋል። ለዘርና ለማዳበሪያ የተበደሩትን ገንዘብ የሚከፍሉት በዚያ ቲማቲም ነው።

ዳገቱ ሲጀምር መኪናዋ አነከሰች። ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፤ ጉልበት አጣ። ቤንዚን ቤንዚን ሸተተን። ሾፌሩ ዳር ይዘው አቆሙ።

«አንዱ ካንዴላ አልሠራም» አሉ።

«የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃሉ ጋሼ?» አልኳቸው።

ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ውኃ በጣታቸው ነክረው ጭስ በሚወጣባቸው አራት ቱቦዎች ላይ ጠብ ጠብ አደረጉ። እናቶቻችን ምጣዱ መጋሉን የሚያዩት እንዲሁ አይደል? ሦስቱ ቱቦዎች «ጭስ!» አሉ። አንዱ ዝም አለ። ዝም ያለው ሲሊንደር ውስጥ እሳት የለም ማለት ነው።

አሁን ነገሩን ትንሽ እናብራራው። ሞተሩ ቤንዚንና አየር ወደ ሲሊንደር ይስባል። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ያንን ድብልቅ አምቆ ይጨምቀዋል። በዚያች ቅጽበት ካንዴላዋ ጫፍ ላይ ብልጭታ ይዘላል። ድብልቁ ይቃጠላል፤ ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ያልፋል። የእሳቱ ግፊት ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ጎማውን የሚያዞረው ጉልበት የሚመጣው ከዚያ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር፣ እያንዳንዷ ካንዴላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ትለኩሳለች። በአንድ ደቂቃ ይህን ያህል ክብሪት ማን ይጭራል!

ብልጭታው የሚዘለው በሁለት ትናንሽ ብረቶች መካከል ባለች ክፍተት ነው። በብዙ መኪና ክፍተቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ታንሳለች፤ የባንክ ካርድ ውፍረት ያህል ናት። ይህችን ለመዝለል ኤሌክትሪኩ ከ10,000 ቮልት በላይ ይሆናል። ቤታችን የሚገባው መብራት 220 ቮልት መሆኑን አስታውሱ። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ሽቦ በእጅ አይነካም። ይህን ኤሌክትሪክ በማግኔት አመንጭቶ ለካንዴላ የሚሰጠውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1902 የሠራው ጎትሎብ ሆኖልድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ በጀርመን አገር በሮበርት ቦሽ ድርጅት ይሠራ ነበር።

የናፍታ ሞተር ግን ካንዴላ አያስፈልገውም። ጧት ሲበርድ የሚረዱ ማሞቂያዎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ናፍታው የሚቀጣጠለው ግን ታምቆ በጋለ አየር ነው።

የካንዴላዋ መካከል ነጭ ነው። ልክ እንደ ቡና ሲኒ ነው። ኤሌክትሪኩ በጎን እንዳያመልጥ የሚከለክለው እሱ ነው። እሳት ይችላል፤ ሲመቱት ወይም ወደ ጎን ሲጫኑት ግን እንደ ሲኒ ይሰበራል።

ይህን ያወቅሁት በጥፋቴ ነው። «እኔ ልፍታው» ብዬ የካንዴላውን መፍቻ ከሾፌሩ እጅ ቀማሁ። ሞተሩ ገና ትኩስ ነው። መፍቻውን እስከ ታች አላስገባሁትም፤ ዘንበል አድርጌ ተጫንኩት። ቀጭ! ነጩ ግማሽ መፍቻው ውስጥ ቀረ። የብረት አካሉ እዚያው ቀዳዳው ውስጥ እንደ ተሰካ ነው።

«አይ ልጄ!» አሉ ሾፌሩ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናት ወርደው ሣጥኖቹን በእርጥብ ጆንያ ሸፈኑ። «ቲማቲም እኮ ብረት አይደለም፤ አይጠብቅም» አሉ እንጂ እኔን አላዩኝም።

ግራር ሥር አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። መቸኮል አይቻልም። ሞተሩ እንደ ጋለ ካንዴላ መፍታት የሞተሩን ክዳን ጥርስ ይበላዋል፤ በተለይ ክዳኑ አሉሚኒየም ከሆነ ጥርሱ ለስላሳ ነው። ሲበርድ ሾፌሩ በብስክሌት መንፊያ የካንዴላውን ዙሪያ ነፉ። ስብርባሪውና አቧራው ተጠራርጎ ወጣ። ይህ ሳይደረግ ቢፈታ ኖሮ ስብርባሪው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ይፍቀው ነበር። ከዚያ መፍቻውን ቀጥ አድርገው እስከ ታች አስገቡ፤ ቀስ ብለው አዞሩ። የብረት አካሉ ወጣ።

እዚያ ላይ አልጨረሱም። ብልጭታ እንዳይኖር ዋናውን የካንዴላ ኤሌክትሪክ ነቀሉ። እኛን «ፊታችሁን አርቁ» ብለው፣ ካንዴላው በሌለበት ሞተሩን በማስነሻው ጥቂት አዞሩት። በቀዳዳው አየር ፉ! ብሎ ወጣ። ወደ ውስጥ የገባ ብናኝ ካለ አብሮ እንዲወጣ ነው።

እድለኞች ነበርን፤ የብረት አካሉ ደህና ነበር። ብረቱ ራሱ ተቆርጦ ጥርሱ ክዳኑ ውስጥ ቢቀር ኖሮ መንገድ ላይ አይነካም ነበር። በመሮ መቀጥቀጥ ክዳኑን ያበላሻል። መካኒክ የዛገ ብሎን የሚያላቅቅ ዘይት ያጠጣዋል፤ ከዚያ ወደ ግራ ሲዞር እየነከሰ በሚያወጣ መሣሪያ ያወጣዋል።

ያወጣነውን ካንዴላ ጫፍ አየነው። ጥቁርና ደረቅ ጥቀርሻ ለብሷል። ሾፌሩ የአየር ማጣሪያውን ከፈቱ፤ በአቧራ ታፍኗል። አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ጥቀርሻ ይሠራል። ጫፉ ጥቁር ሆኖ በዘይት ከራሰ ግን ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው፤ የፒስተን ቀለበት አልቆ ሊሆን ይችላል። ነጭ ሆኖ ከተንጨረጨረ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል። ደህናው ካንዴላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተር ያላችሁ፣ የእናንተንም ፍቱና እዩት፤ ሲበርድ ነው ታዲያ።

ሾፌሩ ከመሳቢያቸው አንድ ያገለገለ ካንዴላ አወጡ። ጠረጉት፤ ክፍተቱን አስተካከሉ፤ አስገቡት። ማጣሪያውንም አራገፉት። መኪናዋ በአራት እግሯ ቆመች።

ቡታጅራ የደረስነው ገበያው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሁለት ሣጥን ተበላሽቶ ተጣለ። የቀረውን ነጋዴው በርካሽ ወሰደው። እናት ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ለብድሩ ይበቃል፤ ለቤት የሚተርፍ ግን ጥቂት ነው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አንተም ተምረሃል፤ እኔም ከስሬያለሁ» አሉኝ።

በማግሥቱ ሾፌሩ አራት አዲስ ካንዴላ ገዙ። መፍቻውን ግን አልሰጡኝም። «በጣትህ ጀምር» አሉኝ። ጥርሱ ሳይጣመም መግባቱ የሚታወቀው በጣት ሲዞር ነው፤ ከጠነከረ መልሶ ማውጣት ነው። አንዱን በጣቴ እስኪቆም አዞርኩት። ከዚያ መፍቻውን ሰጡኝ፤ «ቀለበት ያለው አዲስ ካንዴላ ነው፤ ግማሽ ዙር ያህል ብቻ» አሉ። ግማሽ ዙር አዞርኩ።

«በቃ። ቀጣዩን» አሉኝ።