ከሽሮ ሜዳ እስከ ዶርዜ፦ የሸማኔው ቤተሰብ ዓመት

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሽሮ ሜዳ በሚባለው ሰፈር፣ ተሰቅሎ የሚታየውን ነጠላና ቀሚስ ያላየ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከሱቆቹ ጀርባ፣ በእንጦጦ ግርጌ ተደጋግፈው በቆሙት ቤቶች ውስጥ፣ ያን ሁሉ ልብስ የሚያወጣው ቤተሰብ እንዴት ውሎ እንደሚያድርና በምን ተስፋ ዓመቱን እንደሚገፋ የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ከእነዚህ ቤተሰቦች የሚበዙት ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ የመጡ ናቸው፤ አገሩ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ፣ አዲሲቱ ከተማ ልብስ ፈላጊ ሆና ስትሰፋ፣ አባቶቻቸው የተግባረ እድ ሙያቸውን ይዘው ወደ እርሷ ፈለሱ።

የቤቱ ሥራ የሚጀመረው ማለዳ ነው። ሸማኔው በመሸመኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ በእግሩ ጣቶች የያዛቸውን ገመዶች በተራ ሲረግጥ ግማሹ ድር ይነሣል፣ ግማሹ ይወርዳል፣ በተከፈተውም መካከል ቀሰም የጎረሰችው መወርወሪያ ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ ትወነጨፋለች። ጥለት የሌለበትን የሸማውን ሜዳ እንዲህ በፍጥነት ሲሠራ ቆይቶ ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይዘገያል፤ ድሩን በጣቱ እየቈጠረ፣ ባለ ቀለሙን ክር አንድ በአንድ እያስገባ፣ በወረቀት ላይ ያልተነደፈውን ሐረግና መስቀል ከልቡናው እያወጣ ያሰፍረዋል። አንድ ክር ቢሳሳት ጠቅላላው ሐረግ ስለሚዛነፍ፣ በዚያን ሰዓት በቤቱ ውስጥ ልጆች እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

የሸማው ጌታ ሸማኔው ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ግን ሚስቱን መበደል ነው። ጥጡን የምትዳምጠው፣ በደጋን የምትነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትላ ልቃቂት የምታደርገው እርሷ ናት፤ ዛሬ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ቢሆንም፣ ለሸማው ልስላሴና ሙቀት የሚሰጠው ማግ ከሴት እጅ የወጣ ፈትል ነው። አራት ድርብ የሆነውን ጋቢ ለብሶ የእንጦጦን ብርድ የሚቋቋም ሰው በውስጡ ስንት ሌሊት ፈትል እንዳለ ቢያስብ መልካም ነው።

ሥራው የሚከተለው የቤተ ክርስቲያንን ዘመን ነው። ለጥምቀትና በዘመነ አስተርእዮ ለሚደረገው ሠርግ የታዘዘው ልብስ ይጣደፋል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆምና ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ለፋሲካ መለስ ይላል። ክረምቱ ለዘመን መለወጫ የሚዘጋጁበት ወራት ሲሆን፣ በባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ለክርስትናና ለሠርግ የሚያዙት ቀሚስም በዚሁ መካከል ይገባል። በማሽን የታተመ፣ ከሩቅ ሲያዩት ጥለት የሚመስል የውጭ ጨርቅ በርካሽ ዋጋ ገበያውን መሻማቱ ለቤተሰቡ እውነተኛ ሥጋት ነው።

የቀድሞው ዘመን ሥጋት ደግሞ ንቀት ነበር። ሀገር የለበሰውን ልብስ የሠራ ሰው በሙያው ስም ይሰደብ ስለ ነበር፣ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም ሌላ በደል አልጠፋም፤ ይኸውም ሕፃናት ወንዶች ልጆች ‹‹ትማራላችሁ›› ተብለው ከጋሞ መንደሮች በዘመድ ወይም በደላላ እጅ እየመጡ፣ ከትምህርት ርቀው ከጉድጓዱ ጋር መታሰራቸው ነው። ልጅ ከአባቱ ጎን ከትምህርት በኋላ ሙያ መልመዱ ሌላ፣ ሕፃን ለባዕድ ጥቅም መድከሙ ሌላ ነው፤ ሁለቱን ‹‹ባህል ነው›› በሚል አንድ ሽፋን መሸፈን አይገባም።

ይህ ሁሉ ድካም የሚያርፍበት አንድ ቀን አለ፤ እርሱም በዓለ መስቀል ነው። ጋሞዎች ‹‹ማስቃላ›› ለሚሉት ለዚህ በዓል ዓመቱን ሙሉ ይቆጠባል፤ ባሎች ለበሬው መዋጮ፣ ሚስቶች ለቅቤው ዕቁብ ሳንቲም ያኖራሉ። መስከረም ሲጠባ ትእዛዙ ተሠርቶ ያለቀለት ቤተሰብ መወርወሪያውን ይሰቅልና ለአያት የተሠራውን ጋቢ ጠቅልሎ፣ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርጎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ቀላ ያለውን የአባያን ሐይቅ እየተመለከተ አርባ ምንጭ ሲደርስ ሙቀቱ ይበረታል፤ ከዚያ ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ አቀበት ሲይዝ ግን ጉሙና ብርዱ፣ እንሰቱና ቀርከሃው ይቀበለዋል።

በከተማ የተወለደ ልጅ ከሁሉ የሚደነቀው በአያቱ ቤት ነው። ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የተሠራው ረጅም ቤት ከፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ በየጊዜው ዝቅ ይላል፣ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይወስደዋል። በበዓሉ ሰሞን ቆጮው በቅቤ ይቀርባል፤ የዶርዜ ወንዶች ድምፅ በድምፅ እየደራረቡ ያዜማሉ፤ በዓመቱ የተጋቡ ሙሽሮችም አጊጠው በገበያው መካከል ለሕዝብ ይታያሉ።

ከምግቡና ከዜማው በፊት ግን ዕርቅ ይቀድማል፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ በዓሉን ሊያከብር አይገባውምና። የጋሞ አባቶች በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው፣ በፊቱ ተንበርክከው እንደ መለሱት አገር ሁሉ አይቷል። ከሽሮ ሜዳ የሚሄደው ልጅም ይህን ሥርዓት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያቱ ጉልበት ሥር ይማረዋል፤ በእኔ ፍርድ የዚህ መንገድ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው።

እንግዲህ፣ ውድ አንባቢ፣ ለዘመን መለወጫ የሚያሠሩት ልብስ ካለዎት ጳጉሜን እስኪደርስ አይጠብቁ፤ በሰኔ ይዘዙ፣ የእጅ ፈትልም መሆኑን ጠይቀው ይግዙ። ቀብዱን ከሰጡ በኋላም ቀሪውን ሒሳብ ልብሱን በተረከቡበት ቀን ይክፈሉ፤ የቤተሰቡ የመንገድ ስንቅና የበሬው መዋጮ የሚወጣው ከዚያው ገንዘብ ነውና።