ለደስታቸው ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች ባልንጀርነት

ጥበብ ሁሉ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉት። አንዱ ለእንጀራው ይሠራበታል፤ ይህም የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ሌላው ግን መተዳደሪያው ሌላ ሲሆን፣ ጥበቡን ስለ ወደደው ብቻ በዕረፍት ጊዜው ይደክምበታል። የፎቶግራፍ ታሪክ ሲመረመር፣ ለደስታቸው ያነሡ የነበሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው ያደረጉት ቸርነት ጥበቡን እንዳሳደገው ይገኛል። ከዚህም ቸርነት የተገኘው ፍሬ ለኢትዮጵያ ታሪክ ሳይቀር ደርሷል።

እንግሊዛዊው ታልቦት በወረቀት ላይ ፎቶግራፍ የሚነሣበትን ዘዴ አግኝቶ በ1841 ዓመት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በሕግ ለራሱ አስከበረው። በዚህም ምክንያት ሌላው ሰው ያለ ፈቃዱ ሊሠራበት አልቻለም። ከ10 ዓመት በኋላ ግን በ1851፣ ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የተባለ ሐውልት ሠሪ በብርጭቆ ላይ የሚሠራ ከቀድሞው የተሻለ ዘዴ አገኘ። ይኸውም ኮሎዲዮን የተባለውን መድኃኒት በብርጭቆ ላይ አፍስሶ፣ በብር መድኃኒት ነክሮ፣ ሳይደርቅ ማንሣት ነው። አርቸር ይህን ሁሉ በመጽሔት አሳትሞ ለወደደ ሁሉ በነጻ ሰጠ፤ ለራሱም መብት አልጠየቀበትም። በተከታዩ ዓመት ታልቦትም ተለምኖ፣ ለደስታቸው ለሚያነሡ ሰዎች ሲል መብቱን ለቀቀ። በ1853 ደግሞ በሎንዶን የፎቶግራፍ ማኅበር ተመሠረተ፤ ባልንጀሮቹም የሞከሩትን እየጻፉ አንዱ ለሌላው ያነብ ነበር።

አርቸር በ1857 በድህነት ሞተ። ጥበቡን በነጻ የተቀበሉት ሰዎች ግን ውለታውን አልዘነጉም፤ ገንዘብ አዋጥተው ለቤተ ሰቡ 747 ፓውንድ ሰጡ። ለልጆቹም ከመንግሥት ጥቂት መተዳደሪያ ተቈረጠላቸው።

ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች እመቤት ደግሞ በ1863፣ በ48 ዓመት ዕድሜዋ፣ የፎቶግራፍ መኪና ከልጇና ከአማችዋ በስጦታ ተቀበለች። ስለዚህ ጥበብ አስቀድሞ የነገራት ወዳጅዋ፣ የከዋክብት መርማሪው ሰር ጆን ሄርሽል ነበር። እርሱም የተነሣውን ሥዕል እንዳይጠፋ የሚያጸናውን መድኃኒት አግኝቶ ሳይሸሽግ ለሌሎች የገለጠ ሰው ነው። እርስዋም በ1864 ያነሣቻቸውን ሥዕሎች በአንድ ጥራዝ ሰብስባ ለመምህርዋ በስጦታ ላከችለት።

ይህች እመቤት በ1868 ዋይት በተባለችው ደሴት የዓፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን አነሣቻቸው። ልዑል በዚያ ጊዜ የ7 ዓመት ሕፃን ነበሩ። አባታቸው በመቅደላ ሞተዋል፤ እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ዐርፈዋል። እንግዲህ በዚያ በሚያሳዝን ሥዕል ውስጥ የአርቸር ልግስና፣ የሄርሽል ምክርና የልጅ ስጦታ ተባብረው ይታያሉ።

ነገር ግን የጎደለ ነገር አለ። ልዑል ዓለማየሁ አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ በ1879፣ በ18 ዓመታቸው፣ በእንግሊዝ አገር ሞቱ። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ እርስ በርሳቸው ቸሮች ሆኑ፤ የተነሡት ሕፃን ግን የሚታዩ እንግዳ እንጂ የባልንጀርነቱ ተካፋይ አልነበሩም። ወዳጅነት በሚያነሡት ሰዎች መካከል ብቻ ከቀረ ግማሽ ነው፤ የሚፈጸመው ለተነሣውም ሰው ሲደርስ ነው።

ይህ ነገር ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ለምትገኘው ለአማኑኤል ከተማና ለማቻከል ወረዳም የሚነገር ነው። ዛሬ የፎቶግራፍ መኪና በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በጥምቀትም ሆነ በየወሩ በ28 ቀን በሚከበረው በአማኑኤል በዓል፣ ጋቢ የለበሰው ገበሬ፣ ጸናጽል የያዘው ካህን፣ የልጅ ልጅዋን ያዘለች አሮጊት ሊነሡ ይችላሉ። ሥዕላቸው ሩቅ አገር ደርሶ እነርሱ ሳያዩት ቢቀር ግን የልዑል ዓለማየሁ ነገር በትንሹ ተደገመ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥበቡን የሚወዱ ወጣቶች የሚያውቁትን ለማያውቀው ያሳዩ፤ መሣሪያ ያለው ለሌለው ያውሰው፤ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደውም የባልንጀሮቹን ሁሉ ሥዕል አሳትሞ ይምጣ። አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ የታተመውንም ለባለቤቱ ይስጡ። ከጀርባውም ስምና ቀን ይጻፉበት፤ ስም ያልተጻፈበት ሥዕል ከአንድ ትውልድ በኋላ የማን እንደ ሆነ ሊጠፋ ይችላልና።

ሹማምንትም ሥዕሎቹ ተሰቅለው ሕዝብ የሚያይባቸው አንድ ክፍል በትምህርት ቤት ወይም በጽሕፈት ቤት ቢሰጡ ወጪው ጥቂት ነው። ካህናትም ሊነሣ የሚገባውንና የማይገባውን ለይተው ቢያስተምሩ፣ ወጣቱ ከድፍረት ይድናል፤ የደብሩም አረጋውያን መልክ ለሚመጣው ትውልድ ይቆያል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ጥበብም እንዲሁ ነው፤ የሸሸገው ሰው ብቻውን ይሸከመዋል፣ ያካፈለው ግን አገሩን ያስጌጥበታል።